የአርባ እርምጃ ሽቦ

ሀብተ ሥላሴ ከመገነዙ በፊት ከቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አንድ ሰው ሬሳውን አይቶ መፈረም ነበረበት። ከዳኞቹ አንዱ ሆዴን አመመኝ አለ፤ ሌላው በቅሎዬ ጠፋችብኝ አለ። ሦስተኛዋ ዳኛ ወይዘሮ ገለቴ ብቻ እንዝርቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ አርብ በጠዋት መጣች። ፊርማዋ የአውራ ጣት ነው። ቢሆንም በዓይኗ ያላየችው ነገር ላይ ጣቷን አታሳርፍም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አገሩ ሁሉ ሰልችቶታልም።

ሰውዬው በጀርባው ተጋድሟል። ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤት ሲያገኘው መሰላሉ ወድቆ፣ የሰውየውም ጭንቅላት የደረጃው ድንጋይ ላይ አርፎ ነበር።

«ከፋለ ነው በድንጋይ የመታው» አለ ሊቀመንበሩ ውቤ። «ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። እትዬ ገለቴ፣ ጣትዎን ያሳርፉና እንቅበረው።»

«አንተ ልጅ፣ ወረቀቱ ያንተ ነው፤ ጣቱ የኔ ነው።»

የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገለበጠችው። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ቆዳው ተልጧል። ቁስሉ የገብስ አገዳ ያህል ስፋት አለው። ፈታይ ናትና ይህን ታውቃለች፦ ቀጭን ክር እጅ ውስጥ ሲሮጥ ይቆርጣል፤ ወፍራም ይልጣል። ቀና ብላ ከክፈፉ ወደ ጓሮው ቤት የተዘረጋውን ሽቦ አየች። እንደ ጭድ የቀጠነ የስልክ ሽቦ ነው።

ሀብተ ሥላሴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአሥመራ ሲመለስ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ቴፕ፣ አንድ ማጉያና ሁለት የእንጨት ሳጥን ስፒከር ነው፤ ሁሉም በመኪና ባትሪ ይሠራል። አንዱን ሳጥን ከስፌት መኪናው አጠገብ አኖረው። ሁለተኛውን ሚስቱ ጥሩነሽ ሽባ ሆና በተኛችበት በጓሮው ቤት አስቀመጠው፤ እሱ እየሰፋ እሷ ተኝታ አንዱን ዘፈን እኩል እንዲሰሙት ብሎ። በሁለቱ ቤት መካከል አርባ እርምጃ አለ።

ከፋለ በቀበሌው እህል መጋዘን ታስሯል። ሥራው የሆቴሉን ጄኔሬተር ማስነሳት ነው፤ ሐሙስ ከሟቹ ቤት ሲወጣ ታይቷል።

«በቦርሳህ ሽቦ ተገኘ ይላሉ» አለችው ገለቴ።

«የሽቦ ሰው ሽቦ ይያዝ እንጂ ዳዊት ይያዝ? የወንበዴ ሬዲዮ ሽቦ ነው አሉኝ። ነገ በመኪና ወደ ወልድያ ይልኩኛል። እትዬ ገለቴ፣ በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ያውቃሉ?»

አስባ አስባ አንድም አጣች።

«ሐሙስ ምን አልከው?»

«ሁልጊዜ የምለውን። አጠገብህ ላለው ሳጥን የስልክ ሽቦ ይበቃሃል፣ ሦስት እርምጃ ነው። ለአርባ እርምጃ ግን ድምፁ መንገድ ላይ ያልቃል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሽቦው መወፈር አለበት። እሱ ማጉያውን እስከ ጥጉ ያዞረዋል፣ ሊያቃጥለው። ወፍራሙ ከየት ይምጣ አለኝ። እዚህ አገር ያለው አንድ ነው፣ የቀበሌው አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ሽቦ፤ እሱ ደግሞ የመንግሥት ነው አልኩት። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽን ተሰናብቼ ሄድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። አሮጌ ነው፣ እጄን ካነሳሁበት ይሞታል። እስከ አሥር ሰዓት እንደ ሕፃን ታቅፌው ዋልኩ።»

ጥሩነሽን ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ ሽባ ምን አይታ ብለው። ገለቴ ስትገባ የአዳራሹ ዘበኛ ሙሉሃብት እህቱን ጥሩነሽን በግራ እጁ ያጎርሳል። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

«እጅህን ምን ነካው?»

«መቃብር ስቆፍር፣ ድጅኖው።»

«ሐሙስስ የት ዋልክ?»

«አዳራሽ። ስጠርግ።» ይህን ብሎ ወጣ።

ጥሩነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ተናገረች። «ከፋለ ሲሰናበተኝ ሳጥኑ እንደ ቅል ውስጥ ዝንብ ይል ነበር። ኋላ የሆቴሉ ሞተር ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ። እትዬ ገለቴ፣ ዘፋኙ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ክራሩ ሳይቀር፣ ጣት በጣት። አሥር ዘፈን ሰማሁ። የምወደው ጀምሮ መካከሉ ላይ ተቆረጠ።»

«ሞተሩስ ቆሞ ነበር?»

«ኧረ አልቆመም።»

«ረቡዕ ፈትዬ የሰጠሁሽ ቀይ ክርስ?»

«ሀብቴ ሐሙስ ጠዋት ትንሽ ቆረጠበት። የሁለቱ ሳጥኖች ድምፅ እንዳይጋጭ ከሽቦው ሁለት እግሮች በአንዱ ላይ ያስረዋል፤ ቀይ ከቀይ እንዲገጥም።»

ገለቴ የሳጥኑን ጀርባ ዳበሰች። ቀጭኑ ሽቦ ለወፍራም ሽቦ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ይንገላወዳል። ቀይ ክር የለበትም።

ሬሳ አይቆይምና ሀብተ ሥላሴ ያለ ጣቷ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሁሉንም አዳራሹ ሰበሰበቻቸው፤ ውቤን፣ ሆዳቸው የዳነውንና በቅሏቸው የተገኘችውን ዳኞች፣ እጁ የታሰረውን ከፋለን፣ ሙሉሃብትን፣ ጎረቤቱን።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶች ድንገት መጥተውብህ ንግግር አድርገሃል። በዚህ ድምፅ ማጉያ ተሰማህ?»

«እስከ ገነተ ማርያም» አለ ውቤ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲህ ስሙኝ። ከፋለ ሲሄድ ሳጥኑ ዝንብ ነበር። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ጎላ። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ከፋለ ሆቴል ነው፤ ይህን ሞተር ያለሱ እጅ የሚያሠራው አለ?»

የለም አሉ።

«ድምፁ የጎላው ሽቦው ስለተለወጠ ነው። ማንስ ለወጠው? ሀብተ ሥላሴ። ስለዚህ ከፋለ ከሄደ በኋላ ሰውየው በሕይወት ነበር። ሲሞት መዳፉ የተላጠው በወፍራም ሽቦ ነው፤ እኛ ግን ያገኘነው ቀጭኑን። ወፍራሙን ወስዶ ቀጭኑን የመለሰ ሰው አለ። ወፍራም ያለው ይህ አዳራሽ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሽቦው ቦታው ነበር። አሁን የሽቦ ሰው ይውጣ። እጁን ፍቱለት።»

ከፋለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ የሽቦውን ጫፍ ከማጉያው ጀርባ ፈታና አወረደው። ባንዱ እግር ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ግራኝ ነኝ» አለች ገለቴ። «ክሬ ወደ ግራ ይዞራል። ሸማኔው ሁሌ ያንቺ ክር ከሰው ክር ጋር አይስማማም ይለኛል። ይህ የኔ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት የተቆረጠ። ሙሉሃብት፣ የአዳራሹ ቁልፍ ከማን ጋር ነው?»

ሙሉሃብት ጨርቁን ከእጁ ፈታው። የሱም መዳፍ ተልጧል።

«ለአንድ ቀን ነበር ያዋስኩት። ለእህቴ ብዬ። እንግዶች መጡ ሲባል ሮጬ ሄድኩ። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ከክፈፉ ፈታልኝ። የምትወደው ዘፈን ጀመረ። ይህችን ብቻ ትጨርስ አለኝ፣ ሽቦውን ይዞ። እኔ ጳጉሜን ሙሉ የታሰርኩት በአንድ የአዳራሽ ወንበር ምክንያት ነው። ሳብኩት። አልመታሁትም፣ ሳብኩት።»

ገለቴ ወደ ውቤ ዞረች።

«ሰማህ። ከፋለን ልቀቀው።»

ውቤ ላቡን ጠረገ። ደረቱ አሁን አልተነፋም። «ስሙ በሬዲዮ አልፏል፣ እትዬ ገለቴ። መኪናው በስሙ ነው የሚመጣው። በዝርዝሩ ላይ መጨመር እችላለሁ። መሰረዝ ግን የኔ እጅ አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ምን ፈታሁ?»

ውቤ የሙሉሃብትን ስም ከከፋለ ሥር ጻፈ። ወረቀቱን ሲዘረጉላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ያለ ጣቷም ሄደ፣ ሁለቱም ሄዱ።

ረፋዱ ላይ ጥሩነሽን የሚያጎርስ ሰው ስላልነበረ ገለቴ ሄደች።

«ሙሉሃብት ዛሬ ምን ሆኖ ቀረ?»

ገለቴ ጉርሻ ስትጠቀልል ከአዳራሹ ለስብሰባ የሚጠራው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጥሩነሽ ማኘኳን አቆመች። እያንዳንዱ ቃል አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበር።

«ይህ ያው ሽቦ ነው» አለች። «አውቀዋለሁ። ጣት በጣት።»

ፊቷን ወደ ገለቴ አዞረች፦ «ማነው ወደ አዳራሹ የመለሰው?»

ገለቴ ጉርሻውን በግራ እጇ ይዛ ቀረች። ድምፁ ግን መጥራቱን አላቋረጠም።