ሳልጠራት «ወዬ» አለች

ሳትጠሩት «አቤት» ያላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አፋችሁን እንኳ ሳትከፍቱ አንድ ሰው ከጓዳ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ጠራችሁኝ እኮ» ብሏችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ ሥራዬም አመሌም ነው፣ የቀትር ጋኔን ምናምን የሚባለውን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። አሁንም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፣ የምንኖረውም ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር ነው። በሳምንቱ ቀናት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ድረስ እየሄድኩ የሐበሻ ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ባለቤቴ ሮተርዳም ሆቴል ውስጥ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ስለዚህ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ሰላማዊትን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ ምሳ የሚያበሏት፣ ጉንፋን ሲይዛት አጠገቧ የሚቀመጡት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ሆላንዳዊት ጎረቤታችን ናቸው። ልጄ «ታንተ ሪያ» ትላቸዋለች፣ አክስቴ ሪያ እንደ ማለት ነው። ደግ ሴት ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። እውነቱን ከነገርኳችሁ ግን ያንገበገበኝ ደግነታቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ልጄን ወስጄ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፣ ደግን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ታንተ ሪያ «ሳሊ!» ብለው ሲጠሯት ልጄ አንድ ጊዜ ይበቃታል፣ እየበረረች ትሄዳለች። እኔ «ሰላማዊት!» ስላት ግን ሦስቴ መጥራት አለብኝ፣ በሦስተኛውም ፊቷን ሳታዞር «ዋት?» ነው የምትለኝ፣ ምን ፈለግሽ ማለቷ ነው፣ በሆላንድኛ። እኔም እንደ አስተማሪ መላ መታሁ፣ በየማታው አስጠናት ጀመር።

«እናት ስትጠራ ምን ይባላል?»

«አቤት።»

«ስንት ጊዜ እስክጠራሽ?»

«አንዴ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ልጅ ሳለሁ አያቴ፣ በቀትር የሚጠራሽን ሳታዪ ሦስት ጊዜ እስኪጠራሽ አትመልሺ፣ ጋኔን ሦስቴ አይጠራም፣ እያሉ ያስጠነቅቁኝ ነበር። ይህን ለቅዳሜ ተማሪዎቼ ስነግር ሰበቡንም አብሬ አስረዳለሁ፤ ቀትር ላይ ትልልቆቹ ጋደም ስለሚሉ፣ ልጆች ብቻቸውን ወንዝ እንዳይወርዱ ማስፈራሪያ ነው። ለልጄ ግን ከነጭራሹ አልነገርኳትም። ሦስተኛውን ጥሪ መጠበቅ እንዴት ላስተምራት? እኔን ያቃጠለኝ እሱው አይደል?

በዚያው በጋ ታንተ ሪያ ወደ ካራቫናቸው፣ በመኪና ወደሚጎተተው የዕረፍት ቤታቸው ጋበዙን፤ ባለቤቴ በሥራው ምክንያት ቀረ፣ እኔና ልጄ ሄድን። ከዴን ሃግ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ዳር የአሸዋ ኮረብታዎች ጀርባ ያለ ጸጥተኛ የቤተሰብ ካምፒንግ፣ ሰው ድንኳንና ካራቫን ተክሎ የሚያርፍበት ሜዳ ነው፣ መኪና በር ላይ ይቀራል፣ ራዲዮ ክልክል ነው፣ ከምሳ በኋላ ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ሥርዓቱ ደስ አለኝ። ያላስደሰተኝ ልጄ አምና ከእሳቸው ጋር መጥታ ስለነበር ቤቱን ማወቋ ነው። «እማዬ፣ እዚያ አይደለም፣ ማንኪያው እዚህ ነው የሚቀመጠው» እያለች ታስተምረኛለች። የጥርስ ብሩሿ እንኳ ከአምና ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ጠበቃት።

«አስተማሪዋ!» አሉኝ ታንተ ሪያ እየሳቁ፣ «እዚህ ደወል የለም፣ ተቀመጪ በቃ!»

ሳቅሁ፣ ግን ከአንገት በላይ ነው።

በማግስቱ ምሳ ቀደም ብለን በላን፣ ልጄን ከታንተ ሪያ ጋር ትቼ ሳህኖቹንና ድስቱን በፕላስቲክ ሳፋ ይዤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ድስቱን ሁለቴ፣ ከዚያም ሁለት ሳህን እንዳጠብኩ ከባሕር በኩል ነጭ ጉም እየተንከባለለ መጣ። ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው፣ ሆላንዶቹ «የባሕር ነበልባል» ይሉታል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አልደነገጥኩም። መጀመሪያ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የባሕር ወፎቹ ዝም አሉ፣ የቀረው የቧንቧው ውኃ ብቻ ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁት። ያኔ ሰማሁ።

«ሰሊዬ!»

አንድ ጊዜ ብቻ። የሴት ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። እመኑኝ፣ በዚያ ካምፒንግ ከእኔና ከልጄ በቀር ሐበሻ አልነበረም። ታዲያ ፈራሁ? አልፈራሁም፣ ቀናሁ። ታንተ ሪያ ናቸው አልኩ፣ «ሳሊ» አልበቃ ብሏቸው የራሴን ቋንቋ ቁልምጫ ከልጄ አፍ ለቅመው ወሰዱብኝ። ያ ስም ደግሞ ካርቱም በስደት ሳለን፣ ገና ጡት ስትጠባ የምጠራት ነው፣ እዚህ ከመጣን ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ከጉሙ ውስጥ ልጄ መለሰች።

«ወዬ!»

«አቤት» አላለችም። «አቤት» የአክብሮት ነው፣ «ወዬ» የፍቅር ነው፣ ለእኔ አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። ሄጄ ማየት ሲገባኝ ድስቱን አነሳሁና መፈግፈግ ጀመርኩ። ንጹሕ ድስት ነው፣ ሁለቴ አጥቤዋለሁ፣ በእልህ ሦስተኛ አጠብኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ድስት ነው።

ስመለስ ታንተ ሪያ ካራቫኑ ደጃፍ ብቻቸውን ሹራብ ይሠራሉ።

«ሳሊስ?» አሉኝ።

«እርስዎ ጋ አይደለችም?»

«ጠራሻት እኮ! ወደ አንቺ ነው የሮጠችው።»

«እኔ አልጠራሁም። የጠሯት እርስዎ ነዎት።»

«ያን ቃል እኔ መች እችለዋለሁ? የአንቺ ድምፅ ነው፣ ስንት ዓመት ከጣሪያዬ በላይ ስሰማው ኖሬ ይጠፋኛል?» ሹራቡን አስቀመጡ። «እንዲያውም፣ ዛሬስ ሳትቆጣ ጠራቻት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሳፋው ከእጄ ወደቀ።

ወደ ባሕሩ በሚወስደው የአሸዋ መንገድ ሮጥኩ፣ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። «ሰላማዊት!» አልኩ። ዝም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ፣ ዝም። ከዚያ «ሰሊዬ!» አልኩ።

«ወዬ» አለች፣ እዚያው ፊት ለፊቴ። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ትራመዳለች፣ የባሕሩ ድምፅ ከፊቷ ይሰማል። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፣ ልጅ የትልቅ ሰው እጅ ሲይዝ እንደሚያደርገው። ደርሼ ትከሻዋን ያዝኩ። ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ባዶውን ቀኝ ጎኗን አየች።

«እንዴ፣ ሁለት ሆንሽ?» አለችኝ።

«ማነው የያዘሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

እጇን ያዝኩ። ፀጉሯ፣ ቀሚሷ፣ ግራ እጇ በጉሙ ርሷል። ቀኝ መዳፏ ግን ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። እሷም እጇን ከእጄ ስባ አወጣች።

«ቀዘቀዝሽ» አለች ቅር ብሏት። «ቅድም ትሞቂ ነበር።»

ስንመለስ የመጣችበትን ዱካ አየሁ፣ ከእኔ ሩጫ ሌላ የእሷ ብቻ ነው። ግን በመንገዱ መሐል አልነበረም የሄደችው፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደ ተወች ሁሉ ግራ ጥጉን ይዛ ነው።

ምክንያት ፈልጌለታለሁ፣ እንዴት አልፈልግም? ጉም ድምፅ ያዛባል፣ ታንተ ሪያ አርጅተዋል፣ ልጅ ያልሆነውን ሆነ ይላል። ሁሉም ልክ ነው፣ ለዚያች ለሞቀች መዳፍ ግን መልስ አላገኘሁም።

ማስጠናቱን ተውኩት፣ ቅዳሜ ተማሪዎቼንም ሦስተኛውን ጥሪ ጠብቁ እላለሁ፣ ሰበቡን ሳላስረዳ። ልጄ አሁን በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ትለኛለች፣ ልክ እንዳስተማርኳት። ነገር ግን አንዳንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ጭር ብሎ እኔ ደብተር ሳርም፣ ከሥዕሏ ቀና ትልና ወደ ባዶው ወጥ ቤት እየሣቀች «ወዬ» ትላለች። እኔን እንዲያ ሣቃ አይታኝ አታውቅም። ማን እንደጠራት ጠይቄያት አላውቅም። ምነው ታንተ ሪያ በሆኑ፣ እላለሁ፣ በእሳቸው መቅናት እችልበት ነበር።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ነገ ቀትር ላይ ራዲዮውን ዝጉ፣ ቧንቧውን ዝጉ፣ ልጃችሁን አትጥሩ፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ማንም ሳይጠራው «ወዬ» ካለ፣ ምንም ከመጠየቃችሁ በፊት ቀኝ መዳፉን ዳስሱት።