ሁለተኛው እሾህ

ወንድሟ መሰላሉን ወደ ትከሻው ሲያነሳ የብረቱ ጠርዝ ጆሮውን ቧጠጠው። ደሙን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ይበለኝ» አለ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የሚያመው ነገር ባገኘ ቁጥር የሚለው ይህንኑ ነው።

«አንቺ መለኪያው ጋ ሁኚ። ምሰሶው ጋ ስደርስ እደውላለሁ።»

«ብቻህን ልትወጣ?»

«አታካብጂ፣ ሚጢጢ። ምሰሶው አዲስ ነው።»

ሚጢጢ ብሎ ያወጣላት አባቷ ነበር። አስረኛ ክፍል ደርሳ፣ ቁመቷ ወንድሟን ሊያክል ጥቂት ቀርቶት እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ያሉት ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ መወልወያና ባልዲ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የፋይበር ገመድ ወደ ሕንጻው የሚገባው በዚህች ክፍል በኩል ነው፤ መለኪያውም ጫፉ ላይ ተሰክቷል። ከጠዋት ጀምሮ መስመሩ መጣ ሄደ እያለ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከዋናው ሆስፒታል መምጣቱን አቁሟል። ነርሷ ደጋግማ በሩ ላይ ብቅ ትልና የወንድሟን ፊት አይታ ሳትጠይቅ ትመለሳለች።

ባለፈው ክረምትም እንዲሁ ነበር። ያን ቀን እዚሁ ተቀምጦ መለኪያውን ያነበበው ወንድሟ ነው፤ አባታቸው ውጭ መንገድ ላይ ስልክ ይጠብቅ ነበር። እስክሪኑ ላይ፣ ስምንት መቶ አርባ ሜትር ላይ፣ ምንም መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ አንድ እሾህ ቆሞ ታየ። እሾህ የአባታቸው ቃል ነው፤ መለኪያው የላከው ብርሃን አንድ ነገር ነክቶ ሲመለስ መስመሩ ላይ ሽቅብ የሚወጣውን ሹል ነገር እንዲያ ይለዋል። ወንድሟ ደወለና ገመዱ እዚያ ሳይሰነጠቅ አልቀረም አለ። አባታቸው «ልጄ ካለ አለ ነው» ብሎ እዚያ ያለው ምሰሶ ላይ ወጣ። የምሰሶው ሥር በስብሶ ኖሯል፤ አብሮት ወደቀ።

ከቀብሩ በኋላ ሌሎች ሠራተኞች መጥተው ምሰሶውንም ገመዱንም ቀየሩ። መንገድ ዳር ያለውን የማገናኛ ሳጥንም ከፍተው፣ ጠራርገው ዘጉት። መስመሩ ሠራ። ጥፋቱ ምሰሶው ላይ ያለው ገመድ ነው ተባለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ወንድሟ ግን አላለቀለትም። መውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ ይላል፤ ሌላ አይልም። ማዕድ ላይ ይቀርባል እንጂ እህል አይወርድለትም። እናታቸው አንድ ቀን ልጅቷን ወደ ጓዳ ጠርታ «አንዱ ሄዷል። ይሄኛውን ጠብቂልኝ» ብላታለች።

ዛሬም እሾሁ እዚያው ነበር። ስምንት መቶ አርባ። ወንድሟ ሲያየው ደመኛ ጠላቱን ያገኘ ይመስል መሰላሉን አንስቶ ወጣ።

ልጅቷ በርጩማውን ወደ መለኪያው ሳበች። ምሰሶው አዲስ ነው። ገመዱም አዲስ ነው። ታዲያ የድሮው ቁስል ከየት መጣ?

እስክሪኑን ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ ብላ አነበበችው። አራት መቶ ሃያ ሜትር ላይ ሌላ እሾህ አለ፤ እሱ የመንገድ ዳሩ ሳጥን ነው። ወንድሟ አይቶ አልፎታል፤ ማገናኛ ባለበት ትንሽ እሾህ መታየቱ ያለ ነው። ይሄ ግን ትንሽ አልነበረም። መለኪያው ሲቀነስ አስራ ስምንት ይላል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ንጹሕ ማገናኛ ሲቀነስ ሃምሳ ገደማ ነው። ከዚህ እሾህ በኋላ መስመሩ አንድ ደረጃ ወርዷል፤ ብርሃን ጠፍቷል ማለት ነው። ከሁለተኛው እሾህ በኋላ ግን ቅንጣት አልወረደም። የተሰነጠቀ ገመድ ብርሃን ይበላል። ይሄኛው ምንም አልበላም።

የአራት መቶ ሃያ እጥፍ ስንት ነው?

ስምንት መቶ አርባ። አባቷ አንድ እሑድ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ዓይኗን አስጨፍኖ ኳስ ወደ ግድግዳው ለግቶ ነበር። ኳሱ ግድግዳውን መታ፤ ተመልሶ የአባቷን ጫማ ነክቶ እንደገና ግድግዳውን መታ። ስንት ግድግዳ አለ ብሎ ሲጠይቃት ሁለት አለች፤ አንድ ቅርብ፣ አንድ ሩቅ። እንባው እስኪመጣ ሳቀባት። ብርሃንም እንዲሁ ይሸውዳል፣ አላት፤ አንድ ቦታ በጣም ካንጸባረቀ፣ የተመለሰው ብርሃን የመለኪያውን አፍ ነክቶ እንደገና ይሄዳል፤ በእጥፉ ርቀት ላይ የውሸት እሾህ ያበቅላል። ያኔ ወንድሟ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካ ነበር። «ኧረ ፋዘር፣ በእሑድ ምድር!» ብሎ ነበር።

ደወለችለት።

«የት ደረስክ?»

«ሳጥኑን እያለፍኩ ነው።»

«ቆይ። ክፈተውና ማገናኛውን ጥረገው።»

ማገናኛ መቼም ያንጸባርቃል፣ ምን አዲስ ነገር አለው ብሎ ተነጫነጨ። ደግማ፣ በእናቴ ብላ ለመነችው። መሰላሉ መሬት ላይ ሲጋደም በስልኩ ውስጥ ሰማች። ከዚያ የሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል።

«በሩ አይዘጋም እኮ» አለ። «አቧራ በአቧራ ሆኗል።»

ማገናኛውን ሲነቅለው እስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እዚያው ላይ ተቆረጠ። ጠርጎ መልሶ ሲሰካው እንደገና ተዘረጋ። የመጀመሪያው እሾህ አጠረ፤ ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት። ሁለተኛው የለም። በቦታው ጠባሳ እንኳ አልነበረም።

ከኮሪደሩ የነርሷ ድምፅ መጣ። ውጤትዎ ዛሬ ካልደረሰ ነገ በጠዋት ይመለሱ እያለች አንድ ሽማግሌ ታባብላለች።

«እህ?» አለ ወንድሟ።

«የሳጥኑ ጠፋ።»

«ስምንት መቶ አርባውስ?»

ባለፈው ክረምትም መስመሩን ያዳነው የሳጥኑ መጠረግ ነበር፤ አባታቸው የወጣው ለውሸት እሾህ ነው። የዛሬው በሽታ ከሳጥኑ ነበር፣ የዚያን ቀኑ ሌላ ነው፤ አለቀ፤ ና ወደ ቤት እንሂድ ብትለው ያምናታል። አባታቸው እሱን እንዳመነው። ዛሬ ማታ ምናልባት ትንሽ ይበላ ይሆናል። እናታቸውም የጠየቀቻት ይህንኑ ነው። ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ መንገድ ላይ፣ እንዲህ ያለ እሾህ አይቶ ይህንኑ መሰላል ይሸከማል። የሁሉም ምሰሶ ሥር ደግሞ አይታይም።

«ሚጢጢ? አለ ወይስ የለም?»

«መሰላሉን ይዘህ ና» አለችው። «በስልክ አልነግርህም። አብረን እናየዋለን።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ድምፅ አለፈ።

«ጠፍቷል አይደል?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተለውጦ።

«ና፣ ወንድም ጋሼ። ቀስ ብለህ ና። እኔ የትም አልሄድም።»

ስልኩን ሳትዘጋ ጭኗ ላይ አኖረችው። የቅድሙን መስመርና የአሁኑን እስክሪኑ ላይ አንዱን ከአንዱ በላይ አደረገቻቸው፤ ጣቷ ማጥፊያው ላይ አንዴ አረፈና ተነሳ። ባልዲውን ባዶ አድርጋ ገለበጠችና ከበርጩማዋ አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ በሚያስቀምጥ ቅርበት አኖረችው።

በስልኩ ውስጥ መሰላሉ መንገዱ ላይ ሲጎተት ይሰማት ነበር። ትከሻው ላይ አላነሳውም።