አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ

«ከዛሬ ጀምሮ በር በኃይል መዝጋት በጥብቅ የተከለከለ ነው። አይጦቹ ሲደነግጡ የአንጎላቸው ኬሚካል ይዛባል።»

ማስታወቂያው ፊርማና ማኅተም አርፎበታል። ከተለጠፈበት በር ኋላ የአንጎሎቹን ኬሚካል የምትለካው ባለሙያ፣ ለኪዋ፣ ሞታ ተገኘች። ከፈሳሽ ናይትሮጅኑ በርሜል የወጣው ጋዝ ጠባቧን ክፍል ሞልቶ አየር አሳጥቷታል። የአየር ማራገቢያው ማጥፊያ ከበሩ ውጭ ነው፤ አንድ ሰው አጥፍቶታል።

መርማሪዋ ማጥፊያውን አየች፤ ከዚያ ማስታወቂያውን። በሩን የዘጋው ሰው በቀስታ ሳይዘጋው አልቀረም።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሳይጠየቁ ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። «እኔና የለኪዋ ረዳት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርን። ሟቿ እስከ አምስት ተኩል ሠርታለች፤ የናሙና ብልቃጦቹ ላይ ሰዓቱ ታትሟል። ያን ጊዜ እዚህ የነበረው የአይጦቹ ጠባቂ ብቻ ነው።»

አይጥ ጠባቂው በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«አባቴ፣ ማራገቢያውን አጥፍተዋል?» አለች መርማሪዋ።

«ልጄ፣ እኔ የአይጦቹን መብራት እንኳ ሳላስፈቅድ አላጠፋም።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አንጎሎቹን ናይትሮጅን ውስጥ እንድትነክር አቀብላታለሁ። አንድ ከጥቁር አይጥ፣ አንድ ከነጭ። ድሮ ጥቁሮቹን ጨርሰን ነበር ነጮቹን የምንጀምረው። ሁለት ወር ሆናት ከቀየረችው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልጠራችኝም። ያኮረፈችኝ መስሎኝ ሳልሄድ ቀረሁ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ማቀዝቀዣው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ከፈተችው። የዛሬዎቹ ብልቃጦች፦ ስድስት የጥቁር አይጥ በተከታታይ፣ ከዚያ ስድስት የነጭ።

«ለምን ነበር የቀየረችው?» አለች ወደ ረዳቷ ዞራ።

«ነጮቹ ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆኑ ነበር። ሳይቀዘቅዝ የቆየ አንጎል ደግሞ ኬሚካሉ ይወርዳል። ተራቸውን ስትቀላቅል ዶክተር የታወቁበት የጥቁርና የነጭ ልዩነት ጠፋ። ትናንት ለኃላፊያችን ለዶክተር ነገረቻቸው።»

«ለምን እንደጠፋ ጠየቋት?»

«አልጠየቋትም። ውጡ አሉን።»

ኃላፊው ፈገግ አሉ። «ቅደም ተከተል ሰው አይገድልም፣ እመቤት።»

«አይገድልም። ግን እሷ ብትሆን አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ትደረድር ነበር። ጠባቂው ያውቃል፤ ረዳቷም ታውቃለች። ከስብሰባው በፊት ሞታ ሳለ በሕይወት ለማስመሰል የውሸት ሰዓት አትሞ እነዚህን የደረደረ ሰው የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ነው። ሃያ ዓመት የተከበረበትን።»

«ግምት ነው።»

ጥግ ላይ የኬሚካል መለኪያ ማሽኑ ጮኸ። ለኪዋ ትናንት የቀላቀለቻቸውን ናሙናዎች ረዳቷ በመርማሪዋ ትእዛዝ አስገብታቸው ነበር። ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወጣ፦ ጥቁርም ነጭም እኩል።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አነበቡ። ኃላፊው ብቻ አላዩትም።

ፖሊሱ የጠባቂውን ካቴና ፈታ፤ እንደተከፈተ ይዞት ወደ ኃላፊው ዞረ።