ስቬቶዛር ለራዶይካ ያልነገራት

ብርድ ልብስ ሰፊው ስቬቶዛርና ሚስቱ ዴሳንካ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። እሷ ሱፉን ትነድፋለች፣ ትሞላለች፤ እሱ ይሰፋል። በከተማቸው በዝሬንያኒን ውስጥ የእነሱን ብርድ ልብስ ሳትይዝ የተዳረች ሙሽራ ጥቂት ናት። ሀብት አልነበራቸውም፤ ግን የማንንም ደጅ ጠንተው አያውቁም። ቤቱን የበላችውም ያቺው ኩራት ናት።

የሱቁን ሂሳብ የምትሠራላቸው ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው ራዶይካ ነበረች፤ የሃያ ሱቅ መዝገብ በማድ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የምትይዝ፣ ምላሷ የሚፋጅ መበለት። ስቬቶዛር በየወሩ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይመጣና በሯ ላይ አቀብሏት ሊሄድ ይላል።

"ቁጭ በል እንጂ ጎረቤቴ" ትለዋለች። "ወረቀት አፍ የለውም። ምን ተለወጠ? ምን አስበሃል? ሳትፈርም ንገረኝ ነው የምልህ። ከፈረምክ በኋላ ምን ላደርግልህ ነው፣ ጸሎት?"

"አንቺ ቁጥርሽን ደምሪ፣ እኔ መርፌዬን ልያዝ። ያገባሁት አንዲት ሴት ነው፤ ለሁለት አልናዘዝም።"

ለአንዷስ መች ተናዘዘና…

አንድ የበረዶ ክረምት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ሞላው። ሁለት ወር ሙሉ የሱቁን ደፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። መጠጥ ቤት ውስጥ የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ "የንግድ ፈቃድህን ለጊዜው ብትመልስ እኮ ለመንግሥት የወር መዋጮ የሚጠይቅህ የለም" አለው። ስቬቶዛር በማግስቱ ብቻውን ፈቃድ ቢሮ ሄዶ፣ መስኮቱ ጋ ተሰልፎ ፈረመ። ለራዶይካ አልነገራትም፤ ትሰድበዋለች፣ ማጣቱንም ታውቅበታለች። ስልክ ስትደውልለት እስኪዘጋ ያየዋል እንጂ አያነሳም። ለዴሳንካም አልነገራትም። የዴሳንካ የሕክምና መድን በዚያው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ከየት ይወቅ? ራዶይካን ቢጠይቃት በአንድ አረፍተ ነገር ትነግረው ነበር።

በየካቲት ዴሳንካ ደም ፈሰሳት። ማንም ሳያውቅ ሆስፒታል ሄደች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በትሕትና "እማማ፣ የመድን ካርድዎ አይሠራም። አስተካክለው ይምጡ" አለቻት። ዴሳንካ ምን አሰበች? ባሌ መዋጮውን የሚከፍለው አጥቶ ነው፣ ብጠይቀው አንገቱን አስደፋዋለሁ፣ ሥራ ሲመጣ ይደርሳል… ካርዷን በመሀረብ ጠቅልላ ቤቷ ገባች፤ ባቄላ ወጡን ጣደች፤ ሱፏን መንደፍ ቀጠለች። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፤ እሷ እየገረጣች፣ እሱ "ብርዱ ነው" እያለ።

በሚያዝያ ራዶይካ ስሙን ከነጋዴዎች መዝገብ አጣችውና በሩን ገፍታ ገባች።

"አንተ ሰውዬ፣ ፈቃዱን መልሰሃል? ታዲያ ይቺ ሴት በማን ስም ነው የምትታከመው?"

ዴሳንካ ሱፉን ከእጇ አስቀመጠች። "አንተ ነህ የዘጋኸው?" አለችው ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ያጣህ መስሎኝ… እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።"

ራዶይካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "የአንድ ቀን ሥራ ነበረች" አለች።

እውነትም የአንድ ቀን ሥራ ነበረች። ራዶይካ ያለ ፈቃድ የሚቻልበትን ማመልከቻ ሞላችና በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ካርዱ ሠራ። ሐኪሙ ዴሳንካን መርምሮ "ክረምቱን የት ነበሩ?" አላት። በሰኔ ቀበሯት።

ልጃቸው ቪዶሳቫ ከምትኖርበት ከኖቪ ሳድ መጥታ መቃብሩ አጠገብ ቆመች። "አባዬ፣ መስኮት ላይ ለተቀመጠ ለማታውቀው ሰው የነገርከውን ለእማዬ መንገር ምን አቃተህ?" አለችው። ከዚያ ወዲህ የአባቷን ደፍ አልረገጠችም።

ስቬቶዛር ብቻውን ነው ትላላችሁ? ምነው ብቻውን በሆነ… በጠራራ ፀሐይ፣ መርፌውን ሲያስገባ፣ ከማዶ ሱፍ ሲነደፍ ይሰማዋል። የዴሳንካ ወንበር ይንቀጫቀጫል። ቀና አይልም። ብትኖር ይፈራል፤ ባትኖር ደግሞ የባሰ ይፈራል። ብትወቅሰው በተሻለው። እሷ ግን ያችኑ ትደግማለች፤ "እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።"

ፈቃዱን መልሶ አወጣ። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ራዶይካ ማድ ቤት ይቀመጣል፤ ሳትጠይቀው ሁሉን ይነግራታል። የሱቁን እኩሌታ ሊያከራይ ማሰቡን፣ ከማን ሱፍ ሊገዛ እንደሆነ፣ የጥርሱን ሕመም ሳይቀር።

"ሌላስ?" አለችው ባለፈው።

"ትናንት ደግሞ መጣች።"

ራዶይካ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ይሄ እኮ ለመዝገብ አይሆንም፣ ጎረቤቴ።"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ሳልነግርሽ አልወጣም።"

ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችና ቀኑን ጻፈችለት።

ሰው እጣ ፈንታ ነው ይላል። እጣ ፈንታ መስኮት ጋ ተሰልፎ ይፈርማል እንዴ? የፈረመው ስቬቶዛር ነው፤ ዝም ያለችው ዴሳንካ ናት። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተከባብረው ተጋደሉ። ለእሷ ነፍስ ይማር ይባላል። በቁሙ ለቀረው ለእሱስ ምን ይባላል?