አርባ አንድ ሚሊሜትር

መካኒኩ ሃልቫር ሞቶ የተገኘው እሑድ ረፋድ ላይ፣ በግራንትያርን ሐይቅ በረዶ ላይ ነው። የበረዶ ሞተር ክለቡ ለመጪው ቅዳሜ ውድድር ከቆለለው የመዝለያ ጉብታ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም ረግቷል፤ ሞተሩም አጠገቡ በጎኑ ወድቋል። ኢንስፔክተር ጉንቮር ሪስበርግ ከከተማ ስትደርስ የክለቡ ሰዎች ምርመራውን ጨርሰው፣ ፍርዱን ሰጥተው፣ ቡናቸውን እየጠጡ ጠበቋት።

ጉንቮር ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሠላሳ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ዓይነት ሰው ንቃለች፤ ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ወንድ ነው። የግራንትያርን መንደር ደግሞ በዚህ አይታማም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሲክስተን። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ከሲታ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የበረዶ ሞተር የሸጠ፣ አሁን የክለቡ ሊቀመንበር ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ መንገዱን ደልድዬ ገባሁ። የረሳሁትን ባንዲራ ልተክል አምስት ሰዓት ላይ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ረዳቱ ዲሳ ሞተሩ ላይ አዲስ የኋላ ሾክ፣ ንረቱን የሚውጠውን ማለቴ ነው፣ ከነሞላው ገጥማለች። ሃልቫር ልሞክረው ብሎ ዘለለ፤ ያላጠበቀችው ቡሎን አየር ላይ ወለቀ። በቃ።»

«መውለቁን በምን አወቅህ?»

«ቦታው ባዶ ነዋ። ዓይን የለሽም?»

ከጎኑ የቆመው ዮአር ፌልማን ራሱን ነቀነቀ። ዮአር ስድስት ጊዜ የአውራጃው ሻምፒዮን ሆኗል። ክብደቱ መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ በጃኬቱ ጀርባ ላይ ያሳተመው ፎቶ የገዛ ራሱ ነው።

«አየሽ ጉንቮር» አለ፣ ድምፁን ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አለስልሶ፣ «እንደኔ በኃይል ለሚነዳ ሰው የፋብሪካው ሾክ አይበቃም። ጠንከር ያለ ሞላ ካልገባለት፣ ከጉብታ ላይ ስታርፊ ወገብሽን ይቆርጠዋል። ታዲያ አገጣጠሙ እጅ ይፈልጋል። የኔን ሁልጊዜ ራሴ ነኝ የማስተካክለው።»

«ጎበዝ» አለችው ጉንቮር፣ ፊቱን ሳታየው። ከዚያም ሞተሩን ማንም እንዳይቀመጥበት አስጠንቅቃ፣ በሸርተቴ ተጎትቶ ወደ ሃልቫር ጋራዥ እንዲገባ አደረገች።

ዲሳ የጋራዡ በር ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥሩን ዓመት ከሃልቫር ጋር ሠርታለች። የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ከሞቀ ቤቱ ሆኖ «በቸልተኝነት ሰው መግደል» የሚለውን ቃል በስልክ ተናግሯል፤ እስከ ሰኞ ቀትር ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ ይከሳታል። ሲክስተን በበኩሉ ከክለቡ የምትባረርበትን ደብዳቤ ጽፎ ኪሱ ከቶታል። ሃልቫር ገና አልተቀበረም።

«ቡሎኑን አጥብቀሽው ነበር?» አለቻት ጉንቮር።

«አጥብቄዋለሁ። ከኔ በኋላ ሃልቫር ደግሞ ሞክሮታል። የእናቱን ሥራም ቢሆን ሳይሞክር አያምንም ነበር።»

«ሞተሩ የማን ነው?»

«የኔ። ቅዳሜ የምወዳደርበት ነው። ሃልቫር እስካለፈው ዓመት የዮአርን ነበር የሚያዘጋጀው፤ ዘንድሮ በቃኝ አለ።»

«ዮአር የራሴን ራሴ ነኝ የማስተካክለው ይላል።»

ዲሳ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። «ዮአር መፍቻ የሚያነሳው ፎቶ ሲነሳ ነው።»

ጉንቮር ጋራዡን ዞራ አየች። በሩም መስኮቱም አልተሰበረም። ከሟቹ ሌላ የበሩ ቁልፍ ያላቸው ዲሳ፣ ሲክስተንና ዮአር ብቻ ናቸው። ወለሉ በአርባ ዓመት ዘይትና ቅባት ጠቁሯል። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ግን አንድ ክንድ የምታህል ቦታ በሳሙና ታጥባ ነጥታለች። ሃልቫር ወለል የሚያጥብ ሰው እንዳልነበር ለማወቅ ዙሪያውን ማየት ይበቃል።

ከዚያ ከሞተሩ ኋላ ተንበረከከች። በአዲሱ ሾክ አንጸባራቂ ዘንግ ላይ አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«መለኪያ ናት» አለች ዲሳ። «ሾኩ ሲጫን ይገፋታል፤ ሲመለስ ግን እሷ ባለችበት ትቀራለች። ሾኩ ቢበዛ እስከ የት እንደተጫነ በእሷ እናውቃለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራዬን ስጨርስ ዜሮ ላይ መልሻት ለቁርስ ወደ እናቴ ሄድኩ።»

ጉንቮር ማስመሪያ አውጥታ ለካች። ቀለበቷ አርባ አንድ ሚሊሜትር ተገፍታለች።

«ከዚያ ጉብታ ላይ ዘሎ ያረፈ ሰው ስንት ይገፋታል?»

«እስከ መጨረሻው። ከመቶ ሚሊሜትር በላይ» ብላ ዲሳ ቁጥሩን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ሞተር አልዘለለም።»

«አፍሽን ያዢ። ለእናትሽም እንዳትነግሪ።»

ዲሳ ተጠርጣሪ ስለሆነች ቃሏ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ጉንቮር ሲክስተንን ለብቻው ይዛ ስለ ቀለበቷ ጠየቀችው። እሱም ቃል በቃል ያንኑ ነገራት፤ ሲጨርስ «ይህን የማያውቅ ሰው ሞተር ባይነካ ይሻለዋል» ብሎ ተቆጣ። ዮአርን ግን ምንም አልጠየቀችውም። ሻምፒዮን ነውና አስረድቶ አይጨርስም።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ከጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሁለት የአጋዘን መኖ ከረጢቶች፣ በድምሩ ሰባ ኪሎ፣ የሞተሩ መቀመጫ ላይ በገመድ ታስረዋል። አብሯት ከከተማ የመጣው ባልደረባዋ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ ስለ ሞተር የማውቀው የለም» አለች ጉንቮር፤ ውሸቷ ከአፏ ቅባት እንደነካው ወጣ። «ቡሎን የጎደለው ሞተር እንዴት እንደሚሄድ ልይ። እያንዳንዳችሁ እስከ ጉብታው ድረስ በቀስታ ነድታችሁ ተመለሱልኝ። ከረጢቱ ይኑር።»

«የሕፃን ጨዋታ» አለ ሲክስተን።

ዲሳ ነድታ ተመለሰች። ጉንቮር አጎንብሳ አየች፣ ጻፈች፣ በጣቷ አንድ ነገር ገፋ አደረገች። ሲክስተን ይህን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ከረጢቶቹን አየና መልሶ ገጠመው። ተራው ሲደርስ አንድም ቃል ሳያጉረመርም ነድቶ መጣ።

«ሁሌ የምታጎነብሺው ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለ ዮአር እየሳቀ። ተደላድሎ ተቀመጠ፤ እንደ ንጉሥ ሄዶ እንደ ንጉሥ ተመለሰ። «አያችሁ የሞተሯ ኋላ እንዴት እንደሚዋልል? ያልኳችሁ ይሄንን ነው። የሴት አገጣጠም ነው።»

ጉንቮር ለካችና ቀና አለች። አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ አላለችም።

«አሁን ስሙኝ። ይህ ሞተር እሑድ ዕለት አልዘለለም። ቢዘልል ኖሮ በሾኩ ላይ ያለችው ቀለበት እስከ ታች ትወርድ ነበር፤ ያገኘኋት አርባ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ሃልቫር ጉብታው ላይ አልሞተም። የሞተው እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ገዳዩ ደሙን አጥቦ፣ በዚህ ቤት ያለችውን አንዲት ንጹሕ ቦታ ትቶልኛል። ከዚያ ሬሳውን በሞተሩ ጭኖ፣ ሲክስተን በደለደለው ለጥ ያለ መንገድ በቀስታ ወሰደው። ሞተሩ የሁለት ሰው ክብደት ተሸክሟል፤ የሃልቫርን ሰባ ኪሎና የገዳዩን።»

ጉንቮር ባዶውን የቡሎን ቀዳዳ በጣቷ ጠቆመች።

«ገዳዩ ዲሳን ለማስወንጀል ቡሎን ፈታ። የፈታው ግን የፊተኛውን መገደቢያ ቀበቶ፣ የሞተሩ አፍንጫ ከልክ በላይ እንዳይነሳ የሚገታውን፣ የሚይዘውን ነው። እሱ ቢጎድል አፍንጫው ትንሽ ቀና ይላል እንጂ ሞተሩ ሰው አይጥልም። ሲክስተን፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ሲክስተን መሬቱን እያየ። «ትናንት ባዶ ቦታ አየሁ እንጂ የትኛው እንደሆነ አላየሁም።»

«አላየህም፤ ደብዳቤውን ግን ጽፈሃል። ዲሳም አንተም ብትሆኑ ኖሮ ትክክለኛውን ቡሎን ትፈቱ፣ ቀለበቷንም በጣታችሁ ወደ ታች ትገፉ ነበር። ይህን ያደረገው የሚነዳውን ነገር የማያውቅ ሰው ነው። በግምት ግን ሰው አላስርም፤ ለዚህ ነው ያስነዳኋችሁ። ከሃልቫር ክብደት ጋር ዲሳ ሃያ ስምንት፣ ሲክስተን ሠላሳ። ዮአር አርባ አንድ።»

ዮአር ግራ ተጋብቶ ሁሉንም በየተራ አየ። ዓይኑ ሾኩ የት እንዳለ እንኳ ሲፈልግ ታየ።

«የምን ቀለበት?» አለ።

ሲክስተን እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ስድስት ዋንጫ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ስድስቱንም እኔ ነኝ በእጄ የሰጠሁት።»

ከዚህ በኋላ ዮአር ብዙ አልታገለም፤ ያለ ሃልቫር መታገል ለምዶ አያውቅም። እሑድ ጠዋት የመጣው ሃልቫር ሐሳቡን እንዲለውጥና ሞተሩን እንዲያዘጋጅለት ሊለምነው ነው።

«ለመንኩት» አለ ጉንቮርን እያየ። «እሱ ቀና ብሎም አላየኝም። ያሸነፈው ሞተሩ ነው፤ አንተ ጭነት ነበርክ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ጠረጴዛው ላይ ትልቁ የቡሎን መፍቻ ነበር። አነሳሁት።»

«ለአንድ ቃል?» አለች ዲሳ። ዕንባዋ ገና አሁን መጣ። «ለሁላችንም እንዲያው ነበር የሚናገረው። እኔን አሥር ዓመት ደደብ ሲለኝ ኖሯል። እወደው ነበር።»

ሲክስተን ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው፤ ይቅርታ ለመጠየቅም አፉን አሰናዳ።

«ተወው» አለችው ዲሳ። «ቅዳሜ ስሜን በድምፅ ማጉያው አንተ ራስህ ጥራው።»

ባልደረባዋ ፖሊስ ዮአርን አስሮ ወደ መኪናው ወሰደው። ጉንቮር በሩን ልትዘጋበት ስትል ሰውየው ወደ እሷ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጉንቮር፣ መግደሌን ጻፊው፤ አልክድም። ግን ስለ ሾኩ እንደማላውቅ… ያ ጋዜጣ ላይ መውጣት አለበት?»

ጉንቮር ለአፍታ አየችው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሰው አዲስ ነገር ያሳያታል።

«ከእሱ ነው የምጀምረው» አለችና በሩን ዘጋችው።