ሁለት ጊዜ የታሸገው መሪ ሽቦ

መሪጌታ ጥበቡ ሐሙስ ጠዋት በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከገሳይ ወዲያ ባለች ትንሽ ደብር ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ደብረ ታቦር ዳር ወዳለው ትንሽ የግል ሆስፒታል የመጡት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ አስታማሚ ሳይከተላቸው፣ ብቻቸውን ነው።

ለፖሊስ የደወለችው ነርሷ ሲስተር ሠናይት ናት። «ማክሰኞ በሰላም ታክመው ነበር። ይህ ሞት አልገባኝም» አለች።

ኢንስፔክተር ዓይናለም ስትደርስ አስከሬኑን ካየች በኋላ የሟቹን ዕቃ ተመለከተች። አንድ ጋቢ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ ስልክ። ወደ ስልኩ የመጣው የመጨረሻ ጥሪ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ዓይናለም ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ሩቅ አገር ድራ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናትና ስልኩን ቶሎ ከእጇ አላስቀመጠችውም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሕክምናውን ያደረገውን ዶክተር ሚልኪያስን ነው።

«የሐሞት ቧንቧቸውን ጠጠር ዘግቶት ነበር» አለ። «በአፍ የካሜራ ቱቦ እናስገባለን። በቱቦው ውስጥ ቀጭን መሪ ሽቦ ወደ ሐሞት ቧንቧው እንልካለን። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ያንን ሽቦ ተከትሎ ነው የሚገባው።»

«ሁለት ዓይነት ሽቦ እያወዳደሩ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ በአሥራ ስምንት ታካሚዎች ላይ። አንደኛው ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ እንደ ቀለበት የዞረ ነው፤ ሥጋ ስለማይወጋ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀጥ ያለውም ቢሆን ጫፉ ላይ ለስላሳ ሽፋን አለው። አዲስ እስከሆነ ድረስ ክፉ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ይጣላል።»

«ለመሪጌታ የገባላቸው የትኛው ነው?»

«ቀጥ ያለው።»

«እንግዲያው ሞታቸው እርስዎ ያሉትን ያረጋግጣል።»

ሚልኪያስ ፊቱ ደም መሰለ። «ሰው ገድዬ ነው የማረጋግጠው?»

ዓይናለም ወደ ሠናይት ሄደች።

«ሽቦውን ለዶክተሩ ያቀበልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከነማሸጊያው ነበር፤ ራሴ ቀድጄ አወጣሁት። ግን አንድ ነገር አለ። ሰኞ ዕለት ሁለቱም ዓይነት አልቋል ተብሎ መሪጌታ ባሕር ዳር እንዲሄዱ ተወስኖ ነበር። እሳቸው ደግሞ ‹እዚያ ማንን አውቃለሁ? እዚሁ ልሙት› አሉ። ማክሰኞ ጠዋት መደርደሪያው ላይ አንድ ሽቦ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ለዶክተር ነገርኩ።»

«የመደርደሪያው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ፣ ዶክተር ጋ፣ በላይነህ ጋ።»

በላይነህ ዕቃ አጣቢው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዓይናለም ያገኘችው በማጠቢያው ክፍል፣ የታጠበ መሣሪያ በሚያሽገው ማሽን አጠገብ ቆሞ ነው።

«መሪጌታን ታውቃቸው ነበር?»

«ሰው ስለሌላቸው አጥሚት እወስድላቸው ነበር።»

«ያንተስ ሰዎች?»

«እናቴ ነበረች። በዚሁ በወፍ በሽታ ሞተች። እዚህ ሕክምናው ሳይጀመር፣ ባሕር ዳር ልናደርሳት ስንሄድ፣ አንበሳሜ ላይ ሚኒባስ ውስጥ።» ይህን ብሎ ወደ ማጠቢያው ዞረ።

ዓርብ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ሐሞት ቧንቧው አፍ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ሆዳቸውን የመረዘው በዚያ የፈሰሰው ነው። ዓይናለም የአሥራ ስምንቱንም ታካሚዎች ካርድ አስመጥታ እስኪመሽ አገላበጠች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን በሕክምናው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ማሸጊያ በታካሚው ካርድ ውስጥ እንዲቀመጥ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በጀ። ይኸው የመሪጌታ ማሸጊያ።» ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «ከላይ ሲስተር የቀደደችው ነው። ታቹን እዩት። ከፋብሪካው የእሽግ መስመር በላይ ሌላ መስመር አለ፤ ሰፋ ያለ። የናንተ ማሽን የሚያትመው መስመር ነው፤ በሌላ ላስቲክ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሽቦው ከዚህ በፊት ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ታሽጓል።»

ሠናይት አፏን በእጇ ያዘች።

«ቀድሞ የማን ነበር? አሥራ ሰባት ካርድ ማሸጊያ አለው። የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የታከሙት የወይዘሮ ላቀች። ያን ቀን ሲስተር የወንድሟ ሠርግ ላይ ነበረች። ስለዚህ ማሸጊያውን እሷ አላስቀረችውም። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ዶክተሩና እሷን ተክቶ የገባው በላይነህ ናቸው።»

«ታዲያ እኔን ነው የሚጠረጥሩት» አለ ሚልኪያስ።

«ጠርጥሬ ነበር፤ ቀጥ ያለውን ሽቦ ለማስጠላት ብለው ይሆናል ብዬ። ግን ሰኞ በእጅዎ የጻፉት የባሕር ዳር ሪፈር ወረቀት ካርዳቸው ውስጥ አለ። በዚህ ሽቦ ሊጎዳቸው ያሰበ ሰው ሌላ ከተማ አይልካቸውም። ሽቦውን መደርደሪያው ላይ ያኖረው እንዳይሄዱ የፈለገው ሰው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲሞት ያየ ሰው።»

ሁሉም ወደ በላይነህ ዞሩ። እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የወይዘሮ ላቀች ሽቦ አንድ ጊዜ ገብቶ ነው የወጣው» አለ። «መጣሉ ቆጨኝ። አንድ ቀን ሰው ያተርፋል ብዬ አጥቤ አስቀመጥኩት።»

«የጫፉ ሽፋን በእጥበቱ መላጡን መቼ አወቅህ?» አለች ዓይናለም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማክሰኞ ከሰዓት። ልጥለው ሳነሳው ጫፉ ጓንቴን ወጋው።»

ሚልኪያስ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ማክሰኞ? ያኔውኑ ብትነግረኝ እኮ ቀዶ ሕክምና አስደርጌ አተርፋቸው ነበር!»

«ረቡዕ ጠዋት መሪጌታ ‹ሆዴን› አሉኝ። ልነግርዎ በርዎ ድረስ መጣሁ። ድምፅዎን ሰማሁና ፈራሁ፤ ተመለስኩ። ‹ያመመኝን ለነርሷ ልንገራት› ሲሉኝ፣ ‹እሷን አያስቸግሯት፣ ይሻልዎታል› አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ዋልኩ።»

«ምን አሉህ?» አለች ዓይናለም።

«‹አንተን ባይሰጠኝ ማን ነበረኝ› አሉኝ። ከዚያ መረቁኝ።»

ሠናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓይናለም በላይነህን ክንዱን ይዛ አነሳችው። ከበሩ ውጭ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ እሱ ግን በእግር እንሂድ ብሎ ለመናት። እሺ አለችው። የቅዳሜ ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ በግራና በቀኝ ሲያልፍ፣ ቁልቁል ወደ ጣቢያው ሄዱ።