የልበ ገላጩ ቀይ መብራት

በጽላሎት ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያየው አንገት ነው፤ ፊት ዘግይቶ ይደርሳል። ኮሌታ ላይ የተሰፋው አዝራር አረንጓዴ ካበራ «እንደምን አደርክ» ይባላል። ቢጫ ከሆነ ራቅ ብሎ ማለፍ ነው። ቀይ ከሆነ ደግሞ ሰው ልጁን እየጎተተ መንገድ ይቀይራል። አዝራሩ ልበ ገላጭ ይባላል። የለባሹን የልብ ትርታ፣ ላብና ትንፋሽ አንብቦ ክፉ ያሰበውን ከደጉ ይለያል ተብሎ የሚታመን መሣሪያ ነው። ጽላሎት ደግሞ በጨረቃ ደቡብ ጫፍ፣ ፀሐይ ገብቶበት በማያውቅ ጉድጓድ ውስጥ የተሠራች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ የሰውን ልብ የሚያሳይ መብራት ቢገኝ ማን ይጠላል?

ኢንስፔክተር አልጣሽ መኩሪያም አልጠላችውም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን ትልቁን በር የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ፖሊስ ሰላም አስከባሪ ጓድ አዛዥ ናት። ከበሩ ወዲያ በረዶ ቆፋሪዎች፣ ከበሩ ወዲህ አየር ሠሪዎች ይኖራሉ። ያለ በረዶ አየር አይሠራም፤ ያለ አየር ደግሞ ማንም አይቆፍርም። ይህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ወገኖች ሲተላለቁ ኖረው፣ የብዙ አገር ጦር መጥቶ ነው ያገላገላቸው። ጦሩ ሲሄድ ፖሊሶቹ ቀሩ። አልጣሽ ለአዲስ መጪ ፖሊስ የምትለው ነገር ነበራት፦ ተኩስ ማስቆም የወታደር ሥራ ነው፤ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሳይፈራ ሥራው እንዲሄድ ማድረግ ግን የኛ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ልበ ገላጩ ብዙ ድካም ቀንሶላታል፣ ብዙ ጥያቄም አስቀርቶላታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ለስም ጥሪ ቀድማ የወጣችው እሷ ነበረች። ቀጥሎ ሳጅን ኡጁሉ ኦቻላ መጣ። የጋምቤላ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከጓዱ ሁሉ የምትተማመንበት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሳጅን፣ በእረፍት ፈረቃው መጨረሻ ከሁለቱ ወገን ስብሰባ ስመለስ አልጋህ ባዶ ነበር። የት ነበርክ?»

«ተኝቼ ነበር ኢንስፔክተር። ምናልባት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ይሆናል ያለፉት።»

ውሸት መሆኑን ወዲያው አወቀች። ከአልጋ የተነሣ ሰው ጫማው ላይ የቆፋሪዎች ሰፈር ግራጫ አቧራ አይኖርም። ሰላም አስከባሪ ደግሞ የማንኛውንም ወገን መኖሪያ ሰፈር መርገጥ በጥብቅ ተከልክሏል። ዓይኗን ከጫማው ወደ ፊቱ አነሣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ነው ያደገችው። እያየችው የኡጁሉ አዝራር ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ዞረ። በሆዷ «ይኸውልሽ!» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደረሰ። በእረፍት ፈረቃው ወደ ቆፋሪዎች ሰፈር የሚሄደው የአየር ቧንቧ ቫልቭ ላልቶ ኖሯል። ግፊቱ ወርዶ በሕፃናት ማቆያው ልጆች ራሳቸውን ስተዋል። ደግነቱ ሞግዚቶቹ ቶሎ ደርሰው ሁሉም ነቅተዋል። ቫልቩ ያለበት ክፍል ግን ከበሩ ሥር ነው፤ የሚከፍተው የፖሊስ እጅ ብቻ ነው።

የሁለቱም ወገን ሕዝብ ወደ በሩ ጎረፈ። ሰዉ የሁሉንም ፖሊስ አንገት በዓይኑ ቃኝቶ ኡጁሉ ላይ ቆመ። ቢጫው ደመቀ፣ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያም እንደ በርበሬ ቀላ።

«ይኸው!» አለ የቆፋሪዎቹ ተወካይ ዳኑሽ። በየሰዉ ጆሮ ያለው አስተርጓሚ ቃሉን በየቋንቋው አደረሰው። «በስምምነቱ መሠረት ፈረቃው እስኪያልቅ ቀይ ሆኖ የቆየ ሰው ለተበዳዩ ወገን ይሰጣል። ልጆቻችን ናቸው የታፈኑት። እኛም ውጭ አውጥተን በሩን እንዘጋበታለን።»

ውጭ አውጥቶ መዝጋት ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ውጭው ባዶ ነው፤ የልብሱ አየር እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚኖረው። የአየር ሠሪዎቹ ተወካይ ማሊካ ሁልጊዜ ዳኑሽን ለመቃወም የምትቸኩል ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን በኡጁሉ አንገት ላይ ዓይኗን ተክላ አንድም ቃል አልወጣትም። አልጣሽ ይህን ዝምታም ጠረጠረች። ማሊካ ፖሊሱ ከከተማዋ እንዲወጣላት ትፈልግ ይሆን? ዳኑሽስ ልጆቹን ራሱ አሳፍኖ ይሆን? አንዴ መጠርጠር ከጀመረች የማትጠረጥረው ሰው ጠፋ።

ኡጁሉን ከጥበቃ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ። ቆፋሪዎች ሰፈር ምን ትሠራ ነበር?»

ኡጁሉ ጫማውን አየ። «ሄጃለሁ። ቫልቩን ግን አልነካሁም።»

«ለምን ሄድክ?»

«እሱን ልነግርዎ አልችልም።»

«በሩን ሊዘጉብህ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!»

«አውቃለሁ። ብናገር ግን የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ፖሊስን ቤቱ ያስገባ ሰው በበሩ ማለፍ ይከለከላል፤ እንጀራው ይቆማል። ሕጉን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።»

አዝራሩ ፍም መስሎ ነበር። ተናድዳ ወጣች። ንዴቷ ግማሹ ፍርሃት ነበር፤ ልጁን ትወደዋለች፣ እያየችውም ማመን አቅቷታል።

በማዶው ክፍል የጓዱ ቴክኒሻን ኮንስታብል ፈይሴ መቆጣጠሪያው ላይ ተቀምጣለች። ከቧንቧው ሥራ ገና መመለሷ ነው፤ እጇ በቅባት ተለውሷል።

«ኢንስፔክተር፣ ቫልቩን ፈትቼ አየሁት» አለች። «ማንም አልነካውም። ጥርሱ ተበልቷል፤ ቅዝቃዜው ብረቱን አዝሎታል። በራሱ ጊዜ ነው የላላው።»

«እና ኡጁሉ ለምን ይቀላል?»

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ። ብቻውን ሲሆን አረንጓዴ ነው። ይዩት።»

አልጣሽ ሰሌዳውን አየች። እውነትም የኡጁሉ ምልክት አረንጓዴ ሆኗል። ተመልሳ ክፍሉ ገባች፤ ቀላ። ወጣች፤ በረደ። እንደገና ገባች። ኡጁሉ ሴትዮዋ ምን ነካት ብሎ አያት።

«ስገባ ስለሚፈራኝ ይሆናላ» አለች ተመልሳ።

ፈይሴ ለመናገር ፈራ ተባ አለች። «የሱ ልብ ትርታ አልተለወጠም ኢንስፔክተር። በገቡ ቁጥር የሚለወጠው የእርስዎ ነው።»

ጉዳዩን አብረው ሲፈቱት ቀላል ሆኖ ተገኘ። ልበ ገላጩ መጀመሪያ የለባሹን ልብ ብቻ ነበር የሚያነበው። ያኔ ብዙ ይሳሳት ነበር፤ ሰዉም ይጮህበት ነበር። ራሱን እያረመ እንዲማር ተደርጎ የተሠራ ነውና፣ በዙሪያው ያሉት አዝራሮች የሚሉትን መስማት ጀመረ። ሰዉ የፈራውን ሰው ሲያቀላ የሚጮህበት ጠፋ፤ ጎበዝ ተባለ። እያደር የለባሹን ልብ ማንበቡን ተወው። የሚያሳየው ሌሎች ስለዚያ ሰው የሚያስቡትን ብቻ ሆነ።

አልጣሽ ሰንዳፋ በሥልጠና ላይ ሳለች አስተማሪያቸው ስለ ሌባሻይ የነገራቸው ትዝ አላት። በጥንት ዘመን ለአንድ ሰው መጠጥ አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያኔ ክፍሉ ሙሉ ስቆ ነበር፤ እሷም ስቃለች። አሁን የሌባሻዩን ልጅ ልጅ ኮሌታዋ ላይ ሰፍታ ጨረቃ ድረስ መምጣቷን ስታስብ አፈረች።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ጠዋት በስም ጥሪው ቦታ ከኡጁሉ ጋር የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ስለ ቫልቩ ገና ማንም አልሰማም ነበር። ቢጫውን ያበራችው ራሷ ናት። ሕዝቡ ኡጁሉ ላይ ዓይኑን የጣለው እሷ ያበራችውን አይቶ ነው፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ።

«ይህን ብንነግራቸውስ?» አለች ፈይሴ።

«ፖሊስ ለፖሊስ ወግኖ ብረት ነው ጥፋተኛው አለ ይሉናል። ማንንም የማይከስ መልስ ደግሞ ለተቆጣ ሰው አይዋጥለትም።» ወደ በሩ ዞረች። «አውጫጭኝ እቀመጣለሁ።»

አውጫጭኝ የድሮ የሀገር ቤት ደንብ ነው። ጥፋተኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። በጽላሎት ሜዳ የለም፣ የበሩ አደባባይ አለ። በስምምነቱ ሰላም አስከባሪው ሁለቱንም ወገን የመሰብሰብ መብት ነበረውና መጡ። አልጣሽ ኡጁሉን አውጥታ ከጎኗ አቆመችው። እንዳዩት አዝራሩ ደም መሰለ።

«እነዚህ ፖሊሶች እንዲጠብቁን ነው የመጡት» ሲል ጮኸ ዳኑሽ። «ማን ከነሱ ይጠብቀን? ስጡን!»

«እሰጣችኋለሁ» አለች አልጣሽ። «ግን ትክክለኛውን ሰው ውሰዱ። ቫልቩን ያላላሁት እኔ ነኝ።»

ፈይሴ አፏን በእጇ ያዘች። ኡጁሉ «ኢንስፔክተር!» ብሎ አንድ እርምጃ ወደሷ ተራመደ።

«ክፍሉን የምከፍተው እኔ ነኝ። የተጣላችሁ እንደሆነ የኛ ቆይታ ይራዘማል ብዬ ነው ያደረግሁት። ልጆቻችሁ ይታፈናሉ ብዬ አላሰብሁም።»

ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወደሷ አዞረ። በሕይወቷ እንዲህ ተጠልታ አታውቅም። አገጯ ሥር ሙቀት ተሰማት፤ የአዝራሯ ቀይ ብርሃን እጇ ላይ ወደቀ። የዳኑሽ ሰዎች ደርሰው ክንዷን ጨመደዱ። ወደ ውጭው በር ይጎትቷት ጀመር። ነገሩ ከእጄ ወጣ ብላ ፈራች፤ ተቃውማ ብትታገል ሁሉም እንደሚበላሽ ታውቃለች።

«ከመዝጋታችሁ በፊት የሳጅኑን አንገት እዩ!» ብላ ጮኸች።

አዩ። ኡጁሉ እንደ ቄጠማ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

«ከቆመበት አልተነቃነቀም። አንድም ነገር አላደረገም። የተለወጠው የእናንተ ሐሳብ ነው፤ መብራቱ የሚያሳየው እሱን ነው። አቶ ዳኑሽ፣ ግፊቱ ሲወርድ እኔ የት ነበርሁ?»

የሁለቱ ወገን ስብሰባ የእረፍት ፈረቃውን ሙሉ ወስዶ ነበር፤ አልጣሽ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በዳኑሽና በማሊካ መካከል ተቀምጣ ስታገላግል ነው ያሳለፈችው። እሷ ወደ ሰፈሯ ስትመለስ ነው የኡጁሉን ባዶ አልጋ ያየችው።

«ከኔ ጋር» አለ ዳኑሽ። «ከኔ ጋር ነበሩ። ከጎኔ። እኔ ራሴ...» ሕዝቡን ዞር ብሎ አየ። «ከጎኔ እንደነበሩ እያወቅሁ፣ ለአፍታ አመንሁ። እኔም አቅልቻቸዋለሁ።»

ሰዎቹ ክንዷን ለቀቁ። ከቆፋሪዎች በኩል ነጠላ መሳይ ግራጫ ጨርቅ የተከናነበች ሴት ወደ ፊት ወጣች። ኢልማ ትባላለች፤ ባሏን ጉድጓድ በልቶባት ገና ሐዘን ላይ ናት።

«የኔ ቤት ነው የነበረው» አለች ወደ ኡጁሉ እያመለከተች። «ባሌ ሳይሞት ቀይ ነበር፤ እኔንም ቢጫ አድርጋችሁኛል። ሲሞት አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም። ይህ ሰው መጣ። ኮቱን ከነአዝራሩ ደጅ አውልቆ ገባ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ አብሮኝ አለቀሰ። ባሌን በበሩ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለምን መጣህ ብለው፣ በኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ነገ ሰላም ለማለት ፊት የለውም አለኝ። አሁን ከበሩ ከልክሉኝ፤ እኔ ግን አልዋሽም።»

የከለከላት የለም። ፈይሴ የተበላውን ቫልቭ አምጥታ አሳየች፤ አሁን የሚያያት ሰው ነበር። ማሊካ አዝራሯን ከኮሌታዋ ላይ በጠሰችና መሬት ጣለችው። ሌሎችም ተከተሉ፤ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ። የሁለቱ ወገን ሸንጎ እዚያው ቆሞ መሣሪያው እንዲዘጋ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የበሩ ሥራ ዘገየ። አላፊውን ሁሉ ማናገር፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ማለት መጣ። ሰልፉ ረዘመ፣ ሰዉም ተነጫነጨ። አልጣሽና ኡጁሉ በአንዱ ፈረቃ ጎን ለጎን ቆመው ሰልፉ ሲቀል፣ እሷ ስትፈራው የቆየችውን ተናገረች።

«ኡጁሉ፣ መጀመሪያ ቢጫ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። በስም ጥሪው። ሌላ ሰው አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ፈይሴ ነገረችህ?»

«ማንም አልነገረኝም። መብራቱ ሳይለወጥ ፊትዎን አይቼ ነበር።» ፈገግ አለ፤ ደስታ ያለበት ፈገግታ ግን አልነበረም። «ዋሽቼ ስለነበር ያለ ጥፋቴ ፈረዱብኝ ማለት አልችልም።»

«ያኔ ስለ ለቅሶው ራስህ ብትነግረኝ ኖሮ...»

«ያምኑኝ ነበር?»

አልጣሽ «አዎን» ልትል አሰበች፤ ከልቧም ልትለው ፈለገች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ዓይኗ ቀድሞ ኮሌታው ላይ አረፈ፤ መብራት ፈለገ፣ የተበጠሰ ክር ብቻ አገኘ። ኡጁሉ አያት። ከዚያ ሰልፉ ላይ ወደቆመው ሰው ዞሮ፣ በትሕትና፣ እንደምን አደሩ አለ።